የደብተሮቹ ባለቤት

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ኮምቦልቻ፣ የመምህር ምንይሉ የወፍ ሥዕሎች ዐውደ ርዕይ። የሥዕሎቹ ባለቤት ተገኝተው ንግግር ያደርጋሉ።» ሐዋ ይህን የምታነበው ለእኔ አልነበረም። ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ፣ የፈተናዬን ወረቀት ከማሽኑ እየተቀበለች፣ ለእህቷ ነበር የምታነበው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ የሚወራውን አለመስማት አይቻልም። «ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ወፍ ማየት ነበረ፣ እሱስ አልፎናል፤ ነገ ቦርከና ወንዝ ዳር የችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ አለ፣ ዶማና ምሳችሁን ይዛችሁ ኑ ይላል። ዶማውን አንቺ፣ ምሳውን እኔ» ብላ ሳቀችና ስልኩን ዘጋች። አራት ዓመት ሙሉ እሷ ጋ ፈተና ሳባዛ ቲቸር ከማለት በቀር ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ምንይሉ ባሌ እንደነበረ የምታውቅበት ምክንያት የለም። «ቲቸር፣ ገጹ አምስት ብር ገብቷል» አለችኝ፣ «ወረቀቱ ነው የተወደደው፣ እኔ አይደለሁም ወላሂ።» ከፈልኩና ስታነበው የነበረውን ወረቀት እንድታሳየኝ ጠየቅኋት።

«የሳምንቱ መሰናዶ» የሚባል አንድ ገጽ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሳምንቱ እያዘጋጁ ደሴም ኮምቦልቻም ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፤ የግጥም ምሽት፣ የእግር ጉዞ፣ የመጽሐፍ ልውውጥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። መስመሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ አሥረኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ በእጄ በያዝኩት ፈተና ላይ ዐሥራ ሁለተኛው ጥያቄ «የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ለዩ» የሚል ነው። ተማሪዎቼ የሚሳሳቱት አንቱታ ሲመጣ ነው። «ተገኝተው ያደርጋሉ» ከተባለ ባለቤቱ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ ከግሱ አይታወቅም። የምንይሉ ባለቤት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ተብዬ ተጠርቻለሁ፤ ከሞተ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታትም በየቢሮው በሞላሁት ቅጽ ሁሉ ላይ እንደዚያ ብዬ ፈርሜያለሁ። ንግግር ታደርጊያለሽ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ከሱቁ ወጥቼ፣ የሽንኩርት ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ እየገፉኝ፣ ሙዓዝ ጋ ደወልኩ። ሙዓዝ የምንይሉ ተማሪ ነበር፤ አሁን ራሱ ያስተምራል፣ ዝግጅቱንም የሚመራው እሱ ነው።

«እትዬ! እንኳን ደወሉ። ይመጣሉ አይደል?»

«ንግግር የሚለውን አሁን ነው ያየሁት። ምንም አላዘጋጀሁም።»

«የምን ንግግር?»

«ባለቤት ይላል እኮ።»

«እህ... እሱ ጋሽ አግማስ ናቸው እትዬ። የደብተሮቹ ባለቤት ለማለት ነው። ተነጋግረናል ብለውኝ ነበር እኮ፤ አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ስንት ደብተር ሰጧችሁ?»

«ሰባቱንም። አላህ ይስጣቸው። ዛሬ ርክክቡ ይፈረማል፤ ከሰኞ ጀምሮ ገጹ ሁሉ ስካን እየተደረገ በቴሌግራም ለተማሪው ይለቀቃል። ሰባተኛውንማ መሃል ላይ ነው ያደረግነው፣ በመስታወት። እሱ እኮ የወፍ ብቻ አይደለም፣ አንዲት ሴትዮ...»

«አውቃታለሁ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ምንይሉ ባዮሎጂ መምህር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ይዞ ወፍ ለማየት ይወጣ ነበር። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ነበር የሚሥለው። ከእያንዳንዱ ወፍ ሥር በእርሳስ አራት መስመር ይጽፋል፤ ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ድምፅ። ድምፁን በፊደል ለማስመሰል ሳሎን ውስጥ ብቻውን ሲያፏጭ ያመሽ ነበር። አይቷት ድምፅዋን ያልሰማት ወፍ ስትሆን «ገና አልሰማሁም» ብሎ ይጽፋል። አንድ ቀን ለምን ባዶውን እንደማይተወው ጠየቅሁት። «ባዶ ከተውኩት ድምፅ የላትም ማለት ይሆናል» አለኝ። ሰባተኛውን ደብተር የጀመረው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ዛፍ ላይ የሚያርፉትን ይሥል ነበር፤ ዋኔ፣ ቁራ፣ ድንቢጥ። አንድ ቀን ሲነጋጋ ዓይኔን ስገልጥ እርሳሱን ይዞ ወደ እኔ ያያል። ነጠላዬ ከራሴ ወርዶ፣ አፌን ከፍቼ፣ አንድ እግሬ ከጫማው ወጥቶ፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ እንደተኛሁ ሥሎኛል። ያ ፊት የሚሆነውን ያወቀ ሰው ፊት ነበር። ነቅቼ ሳለሁ ለማንም አላሳየሁትም፤ ለእሱማ ፈጽሞ። ቅደደው አልኩት። «ማንም አያየውም፣ ቃሌ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ገጽ ገልጬው አላውቅም። ከአርባው ማግሥት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አግማስ ሰባቱንም ደብተር በካርቶን አድርገው ሲወስዱ «እስክትረጋጊ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉ። እሺ አልኩ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ተረጋግቻለሁና መልሱልኝ አላልኩም።

የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ፈተናውን በፌስታል ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፈተና ስለሆነ የትም ጥዬው መሄድ አልችልም። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉም ነበር፤ ሾፌሩ በየመጠምዘዣው ጡሩምባ ይነፋል፤ ከጎኔ ያለች ሴት ወደ ሐርቡ የምትወስዳቸውን ዶሮዎች እግራቸውን አስራ በእግሮቿ መሃል ይዛለች። ምን እንደምል በልቤ እደረድር ነበር። ጋሼ፣ ስድስቱን ይስጡ፣ ሰባተኛውን ይመልሱልኝ። አጭር ነው፣ ሁለት ግስ ብቻ ነው ያለው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ክፍል ውስጥ ድምፄ የኋላ ወንበር ይደርሳል፤ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ግን ሁልጊዜም ይከብደኛል፣ ምንይሉ ነበር የሚልልኝ። አንዴ አልኩ። ደገምኩ። ሬዲዮው ይጮሃል። ረዳቱ የሰማኝ በሦስተኛው ነው፣ መውረጃዬን ብዙ ካለፍን በኋላ። «ምነው እናቴ፣ በሹክሹክታ ይወረዳል እንዴ?» አለ፤ ከኋላ ያሉት ሳቁ። ፌስታሌን ታቅፌ በፀሐይ የመጣሁበትን መንገድ ተመለስኩ።

የጋሽ አግማስ ቤት ቆርቆሮና ሚስማር ከሚሸጡበት ሱቅ ጀርባ ነው። ሳሎኑን አውቀዋለሁ፤ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ምንይሉ በምረቃ ልብሱ ከወንድሙ ጎን ቆሞ። ባለቤታቸው እትዬ ሥርጉት አገላብጠው ሳሙኝና «ምነው ሳትደውዪ?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ብፌው ሄደ። ብፌው ላይ ካርቶን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ እንጨቱ እዚያ ላይ ብቻ ቀለሙ አልወየበም። «ትናንት መኪና መጥቶ ወሰደው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከመጣ ጀምሮ ከፍቶት አያውቅም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ካርቶኑን በጨርቅ ወልውሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔን እንኳ አያስነካኝም።» ይህን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። ስመጣ የያዝኩት ንዴት ቀጥ ያለ ነበር፤ አሁን መሃሉ ላይ ጎበጠብኝ።

ጋሽ አግማስ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ አዲስ ኮትና ባርኔጣ አድርገው መጡ። የሐዋርያት ጾም ነው፤ ሽሮና ጎመን ቀረበ። እጃችንን ታጥበን ከአንድ ትሪ ጀመርን። እሳቸው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ እትዬ ሥርጉት ስለ ውኃ መጥፋት አወሩ። ትሪው እስኪጋመስ ማንም ስለ ደብተር አላነሣም፤ ሦስታችንም ግን ሌላ ነገር እያሰብን አልነበረም።

«ጋሼ፣ ስለ ደብተሮቹ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ሰማሽ? ጥሩ። ልነግርሽ ነበር።» ጎረሱና እስኪውጡ ጠበቅሁ። «ስሙ እንዲነሣ ነው። ሞቶ የቀረ እንዳይመስል።»

«ስድስቱን ይስጡ። ሰባተኛውን ይመልሱልኝ።»

«ለምን?»

ለምን ለሚለው አልተዘጋጀሁም ነበር። አፌን ከፍቼ ተኝቼ የሚያሳይ ሥዕል አለው ልበል? «የሆስፒታል ነው» አልኩ።

«የሆስፒታሉስ የእሱ እጅ አይደለም? እንዲያውም የመጨረሻው ነው። የርክክቡ ወረቀት ላይ ሰባት ተብሎ ተጽፏል፤ የተማርሽ ሰው ነሽ፣ ጎዶሎ ስጦታ አለ እንዴ?»

«ወረቀቱ ላይ ባለቤት ተብሎም ተጽፏል።»

እጃቸውን ከትሪው አነሡ። «አትጠገብ፣ አንቺ አሥራ አንድ ዓመት ነው የምታውቂው። እኔ ከእናታችን ጀርባ ተቀብዬ አዝዬዋለሁ። ደሴ ሲማር ከኩታበር አራት ዓመት ሙሉ በእግሬ ስንቅ አመላልሼለታለሁ፣ ዝናብ ነው ጭቃ ነው ሳልል። ያኔ ባለቤቱ ማን ነበር?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ልጅ ቢኖር የልጁ ነው እል ነበር» አሉ።

«አግማስ!» አሉ እትዬ ሥርጉት።

ስለዚያ ነገር በዚያ ቤት አንድም ቀን ተወርቶ አያውቅም። ስንመጣ ሁሉም እየተጠነቀቀ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል፤ ጥንቃቄውን እኔም ምንይሉም እናውቀው ነበር፣ ወደ ደሴ ስንመለስ እኛም አናነሣውም ነበር። ጋሽ አግማስ ውኃ ቀድተው ሳይጠጡ አስቀመጡት። እኔ የትሪውን ጠርዝ አበቦች ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ናቸው። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ያለ ድምፅ ይስቃል። ለመሄድ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን፣ ሦስታችን ከኋላ። የእሳቸው ትከሻ ትከሻዬን ይጫናል፣ እኔ የተማሪዎቼን ፈተና ታቅፌያለሁ።

አዳራሹ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል። በግድግዳው ዙሪያ ከስድስቱ ደብተሮች የተባዙ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ መሃል ላይ ቁልፍ ያለው የመስታወት ሳጥን ቆሟል። ጠዋት ጦሳ የወጡት ልጆች ጫማቸው ላይ ጭቃው ሳይደርቅ መጥተዋል። ወደ ሳጥኑ ቀረብኩ። ሁለት ተማሪዎች አጎንብሰው ያያሉ። «አፏን አየሽው?» አለች አንዷ። «ደክሟት ነው ባክሽ» አለች ሌላዋ፣ «እናቴ ቁጭ ብላ ስትተኛ ልክ እንዲህ ነው የምትሆነው።» አጠገባቸው ቆሜ አላወቁኝም። ከትከሻቸው በላይ የነጠላውን ጫፍና ባዶ እግሬን አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ሙዓዝን ከበሩ አጠገብ አገኘሁት። ገጹን ዝጋልኝ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ እትዬ አላወቅሁም። ሴትዮዋን አስታማሚ መስላኝ... ግን ያለ ጋሽ አግማስ ፈቃድ መንካት አልችልም፣ በወረቀቱ ላይ ባለቤቱ እሳቸው ናቸው። አብሽሩ፣ እነግራቸዋለሁ።» ሊነግራቸው ሲሄድ እንግዶቹ ገቡ፤ ወንበር ሲያቀርብ፣ እጅ ሲጨብጥ፣ ማይክራፎን ሲሞክር ሰዓቱ ደረሰ።

ከፊት በሁለተኛው ረድፍ፣ ከእትዬ ሥርጉት ወዲህ ተቀመጥኩ። ሙዓዝ በመጪው ሳምንት ያለውን ሁሉ አነበበ። የነገውን ቁፋሮ፣ የማክሰኞውን የግጥም ምሽት፣ የሐሙሱን የመጽሐፍ ልውውጥ። ድምፁ ይቸኩላል፤ ወደ እኔ ያይና ወረቀቱን ያያል። ጠረጴዛው ላይ ርክክቡ የሚፈረምበት ሰነድና አንድ እስክሪብቶ ተቀምጠዋል። የዩኒቨርሲቲ እንግዳ አጭር ንግግር አደረጉ። ከዚያ ሙዓዝ ጉሮሮውን ጠረገና «አሁን የሥዕሎቹ ባለቤት ወደ መድረክ ይምጡልን» አለ። እንደ ማስታወቂያው ሁሉ በአንቱታ ነበር ያለው።

ጋሽ አግማስ ኮታቸውን ሳብ አድርገው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ፌስታሉ ከጭኔ ወድቆ ፈተናው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ አላነሣሁትም።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኩ።

የወጣው የክፍል ድምፄ ነው፣ የኋላ ወንበር የሚደርሰው። ሰው ሁሉ ዞረ። «ተቀመጪ» አሉ ጋሽ አግማስ ሳያዩኝ፣ በጥርሳቸው መሃል። አልተቀመጥኩም።

«ስሜ አትጠገብ ይባላል። የምንይሉ ሚስት ነኝ። ስድስቱ ደብተሮች የወፍ ናቸው፤ ጠብቀው ያቆዩዋቸው ጋሽ አግማስ ናቸው፣ እሳቸው ይስጧችሁ። ሰባተኛው አይሰጥም። እዚያ መስታወት ውስጥ ያለችው ሴት እኔ ነኝ። ያንን ገጽ ማንም እንደማያየው ቃል ተገብቶልኛል። ቃል የገባልኝ አሁን ሊያስከብረው ስለማይችል እኔ መጥቻለሁ።»

እናቷን ያስታወሰችው ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። ጋሽ አግማስ ወደ መድረኩ መሄድ ጀምረው ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሙና ወደ ሳጥኑ ታጠፉ። ሁለት ዓመት ብፌያቸው ላይ አስቀምጠው ያልከፈቱትን ደብተር ተከፍቶ ያዩት ያኔ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጎነበሱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሲያነቡ እንደዚያ ናቸው። ረዥም ጊዜ አነበቡ፣ ወይም ለእኔ ረዘመብኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና መስታወቱ ላይ፣ ልክ በገጹ ትይዩ፣ ደፉት። አዲስ የተቆረጠው ፀጉራቸው ከአንገታቸው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነጭ መስመር ሠርቷል።

«ደብተሩን ስጣት» አሉት ሙዓዝን። «ወረቀቱ ላይ ሰባት የሚለውን ሰርዘህ ስድስት በል።»

ሙዓዝ ሳጥኑን ሲከፍት ቁልፉ ሁለቴ ሳተው። ደብተሩን ዘግቶ ሰጠኝ። ተማሪዎቹ ፈተናዬን ከወለሉ ላይ ሰብስበው፣ ሳያነቡ፣ ገልብጠው አቀበሉኝ። ጋሼ ልል አፌን ከፈትኩ። «ሂጂ» አሉኝ፣ «ጉሙ ሳይዘጋው ሐረጎን ውጪ።» ፊታቸውን አላዞሩልኝም። ከበሩ ስወጣ ማይክራፎኑ ውስጥ ሲተነፍሱ ሰማሁ። «እኔ እንኳ ባለቤት አይደለሁም» አሉ። «እኔ ስንቅ አመላላሽ ነበርኩ።» ጥቂት ሰው ሳቀ፤ የቀጠሉትን አልሰማሁም።

ሚኒባሱ ሞልቶ ወዲያው ተነሣ። ደብተሩን ከፈተናዎቹ መሃል አድርጌ፣ ከተማው እስኪያልቅ አልነካሁትም። ሽቅቡን ስንጀምር መስኮቱ ቀዘቀዘ፤ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ከዚያ ገጹን ገለጥኩት። ፊቴ እንዳሰብኩት አላስፈራኝም፤ የደከመች ሴት ናት። ያኔ ቅደደው ስለው ከሥሩ ምንም አልተጻፈም ነበር። አሁን አራት መስመር አለ፣ እርሳሱ ደብዝዟል፣ ብዙ ካላተኮሩበት አይነበብም፤ እጁ ይንቀጠቀጥ በነበረበት ሰሞን የተጻፈ ነው።

ስም፦ ባለቤቴ።

ቦታ፦ ወንበር ላይ፣ ከአልጋዬ በስተቀኝ።

ሰዓት፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ድምፅ፦ ገና አልሰማሁም።

«አሥራ አንድ ዓመት» አልኩ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ «አቤት?» አለኝ፤ ለእርስዎ አይደለም አልኩት። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብዬ፣ መብራት አጥፋ ብዬ፣ ለቅሶ ቤት እንሂድ ብዬ ስንት ጊዜ አናግሬዋለሁ። ከዚያ ግን ያላልኩትን ሁሉ አሰብኩ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ። ሆስፒታል ሳለን የሚሆነውን እንዳወቅሁ አልነገርኩትም፤ እሱም እንዳወቀ አልነገረኝም፤ እስከ መጨረሻው ስለ ባሕር ዛፉ ስናወራ ነበር። ገጹን ዘጋሁት። ጉሙ መንገዱ ላይ ወርዷል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ደሴ ገባ። ሬዲዮው ይጮሃል፤ ሰዉ ያወራል፤ ረዳቱ፣ ሪዙ የሸበተ ሰውዬ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰፈሬ ሊደርስ አንድ መታጠፊያ ሲቀረው ፌስታሉን ታቀፍኩ።

«ወራጅ አለ!»

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠው፤ ከፊት የነበሩት ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ።

«ቀስ እናቴ» አለኝ ረዳቱ በሩን እየከፈተ፣ «ሰምተናል።»